ውሃ፣ ግላይኮልና የደጋው ዳገት፦ የሞተር ማቀዝቀዣ ፈሳሾች ኬሚስትሪ

ከአዊ ዞን፣ ከጥርባ ድንች የጫነ አንድ አይሱዙ ወደ አዲስ አበባ ጉዞ ጀመረ እንበል። ኢንጅባራን፣ ቡሬንና ደብረ ማርቆስን አልፎ ደጀን ሲደርስ ፊት ለፊቱ የዓባይ በረሃ ይጠብቀዋል። ቁልቁለቱን ወርዶ ድልድዩን ከተሻገረ በኋላ ወደ ጎሃ ጽዮን የሚወስደውን ዳገት ይያያዘዋል። እኩሌታው ላይ የሙቀት መለኪያው ቀስት ወደ ቀዩ መሥመር ይጠጋል፤ ከሞተሩ ክዳን ሥር ነጭ እንፋሎት ይወጣል። ረዳቱ ጀሪካኑን ይዞ ይወርዳል። አሽከርካሪው ደግሞ በእጁ ጨርቅ ጠቅልሎ የራዲያተሩን ክዳን ሊከፍት ይጠጋል።

ይህን ትዕይንት በአገራችን መንገዶች ላይ ያላየ ሰው ጥቂት ነው። በዚያች ቅጽበት ውስጥ ግን የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች በክፍል ውስጥ የሚማሩት የፊዚክስና የኬሚስትሪ ትምህርት ጉልህ ድርሻ ተሰብስቦ ይገኛል፦ የከባቢ አየር ግፊት፣ የፍሌት ነጥብ፣ ድብቅ ሙቀት፣ የብረታት ዝገትና የአሲድ ባሕርይ። በዚህ ጽሑፍ ወደ ራዲያተር የሚገቡትን ፈሳሾች ኬሚካዊ ባሕርያት እያነጻጸርን፣ ለደጋው አገራችን የትኛው ለምን እንደሚስማማ እንመለከታለን።

ሞተር ምን ያህል ሙቀት ያመነጫል?

ነገሩን በቁጥር እንጀምር። የመኪናው ጠቅላላ ክብደት 15 ቶን፣ ከድልድዩ እስከ አፋፉ ያለው የከፍታ ልዩነት 1,400 ሜትር ገደማ፣ መውጫ ጊዜውም አንድ ሰዓት ነው ብለን እንነሣ። ጭነቱን ወደ ላይ ለማንሣት ብቻ የሚያስፈልገው ጉልበት 206 ሚሊዮን ጁል ያህል ነው። ይህንም ለ3,600 ሴኮንድ ብናካፍለው 57 ኪሎዋት እናገኛለን። የዲዝል ሞተር ከነዳጁ ኃይል ወደ ሥራ የሚለውጠው ከሦስት እጅ አንዱን ብዙም ሳያልፍ ነው። ቀሪው በጭስ ማውጫው፣ በሞተሩ አካልና በማቀዝቀዣው ፈሳሽ በኩል በሙቀት መልክ ይወጣል። የማቀዝቀዣው ድርሻ ከነዳጁ ኃይል ሩብ ያህሉ ነው ብንል ወደ 40 ኪሎዋት ይሆናል። ይህም ከ10 በላይ የኤሌክትሪክ ምጣዶች በአንድ ጊዜ ሲሠሩ ከሚሰጡት ሙቀት ጋር ይስተካከላል። ይህን ሁሉ ሙቀት ለአንድ ሰዓት ያለማቋረጥ ተሸክሞ ወደ ነፋስ የሚያስረክበው በራዲያተሩና በሞተሩ መካከል የሚዘዋወረው ጥቂት ሊትር ፈሳሽ ነው።

ውሃ፦ ብርቱ ሠራተኛ፣ ግን ጉድለት ያለበት

ሙቀት በመሸከም ረገድ ውሃን የሚወዳደር ተራ ፈሳሽ አይገኝም። የአንድ ኪሎግራም ውሃን ሙቀት በአንድ ዲግሪ ሴልሺየስ ከፍ ለማድረግ 4.2 ኪሎጁል ገደማ ያስፈልጋል። ለዚህ ምክንያቱ የውሃ ሞለኪውሎች በሃይድሮጂን ትስስር እርስ በርስ ተያይዘው መገኘታቸው ነው። ፈሳሹ በራዲያተሩ ውስጥ ሲያልፍ 8 ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛል ብንል፣ 40 ኪሎዋት ለማስወገድ በሴኮንድ 1.2 ኪሎግራም ውሃ መዘዋወሩ በቂ ነው። ውሃ ርካሽ ነው፤ በየመንገዱ ይገኛል፤ መርዝም አይደለም። ታዲያ ምን ጎደለው?

የመጀመሪያው ጉድለት የፍሌት ነጥቡ ነው። አንድ ፈሳሽ የሚፈላው የእንፋሎቱ ግፊት ከላዩ ካለው ግፊት ጋር ሲስተካከል ነው። በባሕር ጠለል የከባቢ አየር ግፊት 101 ኪሎፓስካል ስለሆነ ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል። ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ በምትገኘው ኢንጅባራ ግን ግፊቱ ወደ 75 ኪሎፓስካል ይወርዳል፤ ውሃም በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። የደጋ እናቶች ባቄላና ሽምብራ ለማብሰል ከቆላ እናቶች ይልቅ ብዙ እንጨት የሚፈጁት በዚሁ ምክንያት ነው። ዘመናዊ ሞተሮች በአብዛኛው የሚሠሩት ከ85 እስከ 100 ዲግሪ ባለው ሙቀት መሆኑን ስናስብ፣ በክፍት ዕቃ ያለ ውሃ በደጋ ላይ ለሞተር የሚተወው ልዩነት እጅግ ጠባብ ነው። በዚህ ላይ ራዲያተሩን የሚያቀዘቅዘው አየር ራሱ በዚያ ከፍታ ሩብ ያህል የሳሳ ነው። በመሆኑም ከፍታ ሞተሩን ከሁለት ወገን ይፈትነዋል፦ ፈሳሹ ቶሎ ይፈላል፤ አየሩም ሙቀቱን በዝግታ ይቀበላል።

ሁለተኛው ጉድለት ውሃ ሲረጋ መስፋቱ ነው። በረዶ ሲሆን ይዘቱ በ9 ከመቶ ያህል ይጨምራል፤ የሞተርን ብሎክ የመሰንጠቅ ኃይልም አለው። ይህ በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ብርቱ ችግር ነው። በትምህርት ላይ ሳለን፣ ክረምቱ ከመግባቱ በፊት ሰዉ ሁሉ የመኪናውን ማቀዝቀዣ ፈሳሽ ሲያስመረምር እንታዘብ ነበር። በእኛ ደጋ ግን ኅዳር ላይ ውርጭ ሣሩን ቢያነጣውም፣ ብርዱ የሞተርን ውሃ እስኪያረጋ ድረስ ብዙ ጊዜ አይቆይም። «አገራችን በረዶ የላትምና ኩላንት ምን ያደርግልናል?» የሚለው አስተሳሰብ የመጣውም ከዚህ ይመስለናል። ስሕተቱም እዚህ ላይ ነው፤ ብርድን መከላከል ከኩላንት ሦስት ተግባራት አንዱ ብቻ ነውና። ሁለቱ ማለትም ፍሌትን ማራቅና ዝገትን መግታት ለእኛ እጅግ አስፈላጊዎች ናቸው።

ግላይኮሎች

የአብዛኛው ኩላንት መሠረት ኤትሊን ግላይኮል የተባለው ውህድ ነው። ሞለኪውሉ ሁለት ካርቦን፣ ስድስት ሃይድሮጂንና ሁለት ኦክሲጅን አቶሞች አሉት። ፈረንሳዊው ኬሚስት ሻርል አዶልፍ ቩርትዝ በ1850ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሠርቶታል። በሁለቱ ጫፎቹ ላይ ያሉት የኦክሲጅንና የሃይድሮጂን ጥንዶች ከውሃ ጋር የሃይድሮጂን ትስስር ስለሚፈጥሩ በማንኛውም መጠን ከውሃ ጋር ይደባለቃል። የፍሌት ነጥቡ 197 ዲግሪ ነው። ዘመዱ ፕሮፒሊን ግላይኮል ሦስት ካርቦን ያለው ሲሆን በ188 ዲግሪ ይፈላል።

እንግዲያው ንጹሕ ግላይኮል ለምን አንሞላም? መልሱ በሙቀት አቅሙ ላይ ነው። ኤትሊን ግላይኮል ለአንድ ኪሎግራምና ለአንድ ዲግሪ የሚይዘው ከ2.4 እስከ 2.7 ኪሎጁል ብቻ ነው። ቀደም ሲል ያሰላነውን 40 ኪሎዋት ለማስወገድ በሴኮንድ ወደ 2 ኪሎግራም የሚጠጋ ማዘዋወር ግድ ይላል፤ ፈሳሹም ከውሃ ይልቅ ወፍራም ስለሆነ ፓምፑን ያደክማል። የሚገርመው ደግሞ ንጹሕ ኤትሊን ግላይኮል በ13 ዲግሪ ከዜሮ በታች ሲረጋ፣ እኩል በእኩል ከውሃ ጋር የተደባለቀው ግን እስከ 37 ዲግሪ ከዜሮ በታች ሳይረጋ መቆየቱ ነው። ሁለቱ ሞለኪውሎች አንዱ የሌላውን የበረዶ ቅርጽ ስለሚያውኩ ድብልቁ ከሁለቱም ይበልጣል። «ወፍራም ሲሆን ይሻላል» የሚለው ግምት በዚህ ረገድ አይሠራም።

ይህን ትምህርት የአውሮፕላን መሐንዲሶች በተግባር ተምረውታል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዋዜማ የሮልስ ሮይስ መርሊን ሞተር የመጀመሪያ ሞዴሎች በንጹሕ ኤትሊን ግላይኮል ይቀዘቅዙ ነበር፤ አውሮፕላን በሚበርበት ከፍታ ውሃ በዝቅተኛ ሙቀት ይፈላልና። ኋላ ግን 70 እጅ ውሃና 30 እጅ ግላይኮል በግፊት ተዘግቶ እንዲሠራ ተደረገ። ዛሬ በየራዲያተሩ ያለው መፍትሔ የዚያ አስተሳሰብ ወራሽ ነው።

አሁን በኢንጅባራ ከፍታ እናነጻጽር። ግማሽ በግማሽ በይዘት በተደባለቀ ኩላንት ውስጥ ከእያንዳንዱ 100 ሞለኪውል 76 ያህሉ የውሃ፣ 24 ያህሉ የግላይኮል ናቸው። በራውልት ሕግ መሠረት የውሃው የእንፋሎት ግፊት በዚሁ መጠን ይቀንሳል። ግላይኮሉ ራሱ የሚሰጠው እንፋሎት በዚህ ሙቀት ከቁጥር የሚገባ አይደለም። በዚህ ስሌት፣ ክዳን በሌለው ዕቃ ውሃው በ92 ዲግሪ ሲፈላ ድብልቁ በ99 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። በክዳኑ ላይ «0.9» ተብሎ የተጻፈበት ራዲያተር ሲሆን ደግሞ ከከባቢ አየሩ ግፊት ላይ 90 ኪሎፓስካል ይጨመራል፤ በዚህ ጊዜ ውሃው በ114፣ ድብልቁ በ123 ዲግሪ ገደማ ይፈላል።

ከነዚህ አራት ቁጥሮች አንድ ቁም ነገር እናገኛለን። ክዳኑ ብቻውን ከ20 ዲግሪ በላይ ይጨምራል፤ ግላይኮሉ ደግሞ ከ7 እስከ 9 ዲግሪ። ስለዚህ ላስቲኩ ያረጀ ወይም ሞላው የላላ ክዳን ውድ ኩላንት የተሞላበትን መኪናም ያፈላዋል።

ክዳኑን ስንከፍት

ወደ ዳገቱ እንመለስ። በራዲያተሩ ውስጥ ያለው ውሃ 110 ዲግሪ ደርሶ በግፊቱ ብርታት ሳይፈላ ቆይቷል እንበል። አሽከርካሪው ክዳኑን ሲከፍት ግፊቱ በአንድ ጊዜ ይወድቃል፤ የፍሌት ነጥቡም ወደ 90ዎቹ ዲግሪዎች ይወርዳል። ትርፉ ሙቀት ወዲያውኑ ውሃውን ወደ እንፋሎት ይለውጣል። በኢንጅባራ ከፍታ ቢሆን ከእያንዳንዱ ሊትር ከ30 ግራም የሚበልጥ ውሃ ይተናል፤ ያም ወደ 70 ሊትር የሚጠጋ እንፋሎት ይሆናል። 10 ሊትር የሚይዝ ሞተር ከሆነ 700 ሊትር እንፋሎት በአንዲት ጠባብ አፍ በኩል ፊትና እጅ ላይ ይፈነዳል ማለት ነው። እጅ ላይ የተጠቀለለው ጨርቅ ይህን አይመልስም። ሞተሩን አጥፍቶ ከግማሽ ሰዓት ያላነሰ መጠበቅና የላይኛው ጎማ ቱቦ በእጅ ሲነካ የማያቃጥል መሆኑን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ቀዝቃዛ ውሃ በጋለ ሞተር ላይ መጨመርም ብረቱን ይሰነጥቃል፤ በሞተሩ ራስና በብሎኩ መካከል ያለውን ጋርኒሲዮንም ያበላሻል።

ዝገትና ቀለማት

በማቀዝቀዣው መሥመር ውስጥ አሉሚኒየም፣ ብረት፣ መዳብ፣ ነሐስና ብየዳ በአንድ ፈሳሽ ተነክረው ይገኛሉ። ይህ በላብራቶሪ ከምንሠራው የኤሌክትሪክ ሴል የተለየ አይደለም። የኤሌክትሮድ አቅማቸው ለአሉሚኒየም 1.66 ቮልት ከዜሮ በታች፣ ለብረት 0.44 ቮልት ከዜሮ በታች፣ ለመዳብ ደግሞ 0.34 ቮልት ከዜሮ በላይ ነው። ፈሳሹ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፉ ጨዎች ካሉት አሉሚኒየሙ ራሱን እየሰጠ ይሟሟል። በተጨማሪም ግላይኮል በሙቀትና በኦክሲጅን ብዛት ቀስ በቀስ ወደ ግላይኮሊክና ፎርሚክ አሲድ ይለወጣል። ስለዚህ መከላከያ የሌለው ግላይኮል ከውሃም የባሰ ብረት በላተኛ ሊሆን ይችላል።

የኩላንት አምራቾች እርስ በርስ የሚለያዩት በግላይኮሉ ሳይሆን፣ ከጠቅላላው ጥቂት እጅ ብቻ በሆኑት መከላከያዎች ነው። እነዚህም በሦስት ወገን ይከፈላሉ።

የመጀመሪያው በሲሊኬት፣ በፎስፌት፣ በቦሬትና በናይትራይት የሚሠራው የቀድሞው ዓይነት ነው። በብረቱ ላይ ፈጥኖ ስስ ሽፋን ያለብሳል፤ ነገር ግን ቶሎ ስለሚያልቅ በየሁለት ዓመቱ ገደማ መለወጥ አለበት። ሁለተኛው በኦርጋኒክ አሲዶች ጨው የሚሠራ ነው። ዝገት ሊጀምር በሚልበት ቦታ ላይ ብቻ ስለሚያርፍ ቀስ ብሎ ያልቃል፤ አምስት ዓመት ያህል ያገለግላል። ሦስተኛው ሁለቱን ያጣመረ ነው። የአውሮፓ አምራቾች በውሃቸው ካልሲየም ስለሚበዛ ከፎስፌት ሲርቁ፣ የጃፓን አምራቾች ደግሞ የውሃ ፓምፕን መዝጊያ እንዳይፍቅ በማለት ከሲሊኬት ርቀው ፎስፌትን መርጠዋል። ለትላልቅ ዲዝሎች የሚዘጋጁት ብዙ ጊዜ ናይትራይት ይጨመርባቸዋል፤ የሲሊንደሩ ግድግዳ ሲርገበገብ የሚፈጠሩት ጥቃቅን አረፋዎች ሲፈነዱ ብረቱን እንዳይቦረቡሩት ይከላከላልና።

አረንጓዴ፣ ቀይ፣ ሮዝ ወይም ሰማያዊ ቀለም ግን ኬሚስትሪ አይደለም፤ አምራቹ የጨመረው ማቅለሚያ ነው። ሁሉንም አምራቾች የሚያስገድድ የቀለም ስምምነት የለም። እኛ ራሳችን ፊዚክስ እያስተማርን ይህን ዘንግተን፣ በአሮጌ መኪናችን ውስጥ የነበረው አረንጓዴ ፈሳሽ ሲጎድል ያገኘነውን ቀይ ጨምረንበት ነበር። ከወራት በኋላ ራዲያተሩ ሲፈታ እንደ ተልባ ዝልግልግ ያለ ነገር ቱቦዎቹን ሞልቶ አገኘነው። የሁለት ወገን መከላከያዎች ሲደባለቁ ሲሊኬቱ ሊረጋና ሊዘቅጥ እንደሚችል ያን ዕለት በገንዘባችን ተማርን። የሚታየው ቀለሙ ሳይሆን የሞተሩ መመሪያና በዕቃው ላይ የተጻፈው ዓይነት ነው።

የምንጨምረው ውሃ

ከኩላንቱ ግማሹ ውሃ ስለሆነ የውሃው ምንጭ ቀላል ጉዳይ አይደለም። ሳሙና እንቢ የሚለው የጉድጓድ ውሃ ካልሲየም ባይካርቦኔት ይዟል። ይህ ሲሞቅ ወደ ካልሲየም ካርቦኔት፣ ውሃና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለወጣል፤ ነጩ ቅርፊትም በማንቆርቆሪያችን ውስጥ እንደምናየው ሁሉ በሞተሩ ግድግዳ ላይ ይጋገራል። ሙቀት የማስተላለፍ ችሎታው ከብረት በብዙ እጅ ያነሰ በመሆኑ ለሞተሩ እንደ ጋቢ ይሆንበታል። ፎስፌት ባለው ኩላንት ላይ ሲጨመርማ ካልሲየም ፎስፌት ሆኖ ይዘቅጣል፤ መከላከያውም አብሮ ይጠፋል።

የተሻለው የተጣራ ውሃ ነው። በማይገኝበት ቦታ አዊ የታደለችበት የዝናብ ውሃ ከጉድጓዱ ውሃ ይመረጣል፤ ማዕድን የለውምና። ሆኖም ዝናቡ ጣሪያውን ካጠበ በኋላ በንጹሕ ዕቃ የተቀዳ መሆን አለበት። በባትሪ የሚጨመረው የተጣራ ውሃም ይሆናል፤ ከባትሪ አሲድ ጋር እንዳይምታታ ግን ብርቱ ጥንቃቄ ያስፈልጋል።

ጣፋጩ መርዝ

ኤትሊን ግላይኮል ጣፋጭ ነው፤ አደጋውም ከዚህ ይጀምራል። ወደ ሰውነት ሲገባ በጉበት ውስጥ ያለው አልኮልን የሚያፈርስ ኤንዛይም ወደ ግላይኮሊክ አሲድ፣ ቀጥሎም ወደ ኦክሳሊክ አሲድ ይለውጠዋል። ይህም ከደም ካልሲየም ጋር ተዋሕዶ በኩላሊት ውስጥ ስለታም ክሪስታሎችን ይፈጥራል። ለአንድ ዐዋቂ ሰው 100 ሚሊሊትር ገደማ ሊገድል ይችላል፤ ለሕፃን ጥቂት ጉርሻ ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ2022 በጋምቢያ ከ60 በላይ ሕፃናት የሞቱት ኤትሊንና ዳይኤትሊን ግላይኮል በተገኘባቸው የሳል ሽሮፖች ምክንያት መሆኑን የዓለም ጤና ድርጅት ባወጣው ማስጠንቀቂያ አያይዞታል።

በእኛ አገር አደጋው የሚያንዣብበው በሃይላንድ ፕላስቲክ ላይ ነው። የተረፈ ኩላንት በውሃ ፕላስቲክ ተገልብጦ በቤት ጥግ ሲቀመጥ፣ ቀለሙ ያማረና ጣዕሙ የጣፈጠ በመሆኑ ሕፃን ለስላሳ መጠጥ ይመስለዋል። በመጣበት ዕቃ ብቻ ይቀመጥ፤ አሮጌውም ወደ ምንጭና ወደ ቦይ አይደፋ። የጠጣ ሰው ቢኖር፣ መጀመሪያ ላይ የሰከረ ቢመስልም ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ተቋም መድረስ አለበት፤ ኤንዛይሙን የሚገታ መድኃኒት በጊዜ ሲሰጥ ሕይወትን ያተርፋል። ፕሮፒሊን ግላይኮል በዚህ ረገድ እጅግ የተሻለ ነው፤ ሰውነት ወደ ላክቲክ አሲድ ይለውጠዋል። ለምግብ ሥራ ሳይቀር ይፈቀዳል። በሙቀት አቅሙም ሆነ በፍሌት ነጥቡ ከኤትሊን ግላይኮል ብዙ አይርቅም፤ ዋጋው ግን ይወደዳል።

ለላብራቶሪ አንድ ሙከራ

በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሊሠራ የሚችል ቀላል ሙከራ እንጠቁም። በአራት ብርጭቆ የዝናብ ውሃ፣ የጉድጓድ ውሃ፣ ጥቂት ጨው የተጨመረበት ውሃና በመምህር የተዘጋጀ የኩላንት ድብልቅ ይቀመጥ። በእያንዳንዱ ውስጥ በመዳብ ሽቦ የተጠመጠመ ንጹሕ ሚስማር ይነከር። ለሁለት ሳምንት በየቀኑ የሚታየው ይመዝገብ፤ ሚስማሮቹም በመጀመሪያና በመጨረሻ ይመዘኑ። ሌላው ደግሞ የምትኖሩበት አካባቢ ውሃ በስንት ዲግሪ እንደሚፈላ በቴርሞሜትር መለካት ነው። የዳንግላ፣ የኢንጅባራና የቻግኒ ተማሪዎች ውጤታቸውን ቢያነጻጽሩ የከፍታን ሕግ ከመጽሐፍ ሳይሆን ከገዛ አገራቸው ያገኙታል። ግላይኮልን ግን በክፍል ውስጥ አታፍሉ፤ አትቅመሱም።

ማጠቃለያ

ከላይ ያየነውን ስናጠቃልል፦ ውሃ ምርጥ ሙቀት ተሸካሚ ነው፤ ግን በደጋ ቶሎ ይፈላል፤ ብረትም ይበላል። ንጹሕ ግላይኮል ፍሌትን ያርቃል፤ ሙቀት መሸከም ግን ይከብደዋል። ከ30 እስከ 50 እጅ ግላይኮል ከንጹሕ ውሃና ከተገቢው መከላከያ ጋር ሲሆን ለአገራችን መንገዶች ሚዛኑ ይደርሳል። ክዳኑን መመርመርና በየጊዜው ፈሳሹን መለወጥ ደግሞ ከዚህ አይነጠሉም። ሞተር ሲሞቅ ቴርሞስታቱን አስወጥቶ መጣልም መፍትሔ አይደለም፤ ሞተሩ ሳይሞቅ እየሠራ ነዳጅ ይፈጃል፤ በአንዳንድ ሞተሮችም ፈሳሹ ራዲያተሩን ሳይነካ በአቋራጭ እንዲመለስ ስለሚያደርግ ሙቀቱን ያብሳል።

በጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑ ከተገለጸ ወዲህ «ይህ ሁሉ ዕውቀት ሊያረጅ ነው» የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ነገር ግን የብዙዎቹ የኤሌክትሪክ መኪኖች ባትሪም የሚቀዘቅዘው በውሃና በግላይኮል ድብልቅ ነው፤ እንዲያውም የፈሳሹ ኤሌክትሪክ አስተላላፊነት ይበልጥ ጥንቃቄ ይሻል። ድንችና ከሰል የጫኑት አይሱዙዎችም ገና ለብዙ ዓመታት የዓባይን ዳገት ይወጣሉ። ከተማሪዎቻችን አንዱ ያንን አሽከርካሪ ክዳኑ ላይ እጁን ሲያሳርፍ ቢያገኘው፣ «ጋሼ፣ ትንሽ ይታገሡ፤ ይቀዝቅዝ» ብሎ ምክንያቱን ማስረዳት ከቻለ፣ የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ተሳክቷል።